በሦስት ጉልቻ የቆመ ፕሮጀክተር

ስለ ፊልም በአገራችን የተጻፈው ጥቂት ነገር አብዛኛው ስለ ካሜራው ነው። ማን አነሣው፣ የት አነሣው፣ ማንን አስፈቅዶ አነሣው እያልን እንጠይቃለን። የተነሣው ምስል ከየት ቆሞ፣ በማን እጅ፣ ለማን እንደ ታየ ግን ብዙ ጠያቂ የለውም። እኔን ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ መጽሐፍ ሳይሆን ብረት ነው፤ ለአንድ አሮጌ ባለ 16 ሚሊሜትር የፊልም ፕሮጀክተር ማቆሚያ መሥራት። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በፖለቲካ ገጽ ላይ ስለ ብየዳ ማንበብህ እንዳያስገርምህ፤ ነገሩ ወደ ፖለቲካ የሚደርሰው በራሱ መንገድ ነው።

ፕሮጀክተሩ ደሴ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ (ስሙ ይቆየን) ያገለገሉ ንብረቶች በጨረታ ሲወገዱ የወጣ ነው። ከተሰበሩ ወንበሮች፣ ከታይፕራይተሮችና ካረጁ የመኪና ጎማዎች ጋር በአንድ ሎት ተጠቅልሎ ተሸጠ። ያሸነፈው ነጋዴ ለቆራሌው አስተላለፈው፤ እኔም ከቆራሌው እጅ ገዛሁት። ዋጋውን ያወጣልኝ እንደ ማሽን ሳይሆን እንደ ብረት፣ በሚዛን ነው። አሜሪካ ሠራሽ ቤል ኤንድ ሃወል ነው። ሌንሱ ደኅና ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፤ የራሱ ማቆሚያ ግን የለውም። ከእርሱ ጋር ምንም ጽሑፍ የሌለው አንድ የፊልም ጣሳ ነበር። «ሌሎች ጣሳዎች አልነበሩም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሞልተው ነበር፤ ጣሳውን ለዕቃ ወሰድነው፣ ውስጡን ጣልነው» አለኝ። ቆራሌው አይወቀስም። እርሱ ሊያውቀው የማይጠበቅበትን ነገር ንብረቱን የዘረዘረው ኮሚቴ ማወቅ ነበረበት። ስለ መዛግብት አጠባበቅ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 179 ወጥቷል። በአስወጋጅ ኮሚቴው ሠንጠረዥ ላይ ግን የፊልም ጥቅል የተመዘገበው «ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ ነው።

የፕሮጀክተር ማቆሚያ ማንኛውም ጠረጴዛ ይመስላል፤ አይደለም። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ፕሮጀክተር ከሸራው አሥር ሜትር ርቆ ሲቆም፣ ወርዱ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላውን የፊልም ምስል ወደ 1.9 ሜትር ያሰፋዋል፤ ሁለት መቶ ጊዜ ማለት ነው። የማቆሚያው የፊትና የኋላ እግሮች በ50 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ቢሆኑና የኋላው በአንድ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል፣ ሸራው ላይ ያለው ምስል በሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይሸሻል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዓይን ይችለዋል። ነገር ግን በፕሮጀክተሩ ውስጥ ያለችው ጥፍር ፊልሙን በሰከንድ ሃያ አራት ጊዜ ትጎትታለች፤ በእያንዳንዱ ጉተታ ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል። ልል ማቆሚያ ይህንን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ያባዛዋል፤ ፊት የነበረው ፊት መሆኑ ይቀራል።

ሌላም አለ። ስድስት መቶ ሜትር ፊልም የሚይዝ ትልቅ ጥቅል ለሃምሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ክብደት ቀስ በቀስ ከፊተኛው ክንድ ወደ ኋለኛው ይሻገራል። የሚለጠጥ ማቆሚያ ከሆነ ምስሉ ማንም ሳያየው ወደ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የሰዎቹ ግንባር ከሸራው ያልፋል።

ብረቱን ለማስበየድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ደሴም በያጅ አጥታ አይደለም፤ ነገር ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቆላው ከተማ መድረስ ራሱ ደስ ይላል። ከዚያም በላይ ኮምቦልቻ የብረትና የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የቱቦላሬ ምርጫዋ ሰፊ ነው። በብየዳ ቤቱ ውስጥ የሚነገረውን ስሰማ ቋንቋው ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑ ገረመኝ፤ ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። ወራሪው በጦር ተባረረ፤ የሥራ ቃላቱ ግን በየጋራዡ ሰፍረው ቀሩ። የሠራተኛው እጅ ቃላቱን የራሱ አድርጓቸዋል፤ ማንም እንደ ባዕድ አይቆጥራቸውም።

በያጁ ወጣት ነው። ንድፉን አይቶ ግራ ተጋባ።

«አንቱ መምህር፣ አራት እግር እያለ ሦስት እግር ምን ያደርግልዎታል? ይኸ እኮ ይወድቃል» አለኝ።

«እናትህ ድስት የምትጥድበት ጉልቻ ስንት ነው?»

ሳቀና፣ «ሦስት» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ ቁጥር አልተከራከርንም።

አራት እግር ያለው ዕቃ ወለሉ ፍጹም ልክ ካልሆነ አንደኛው እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። ሦስት እግር ያለው ግን በጠጠርም ላይ ቢሆን አይወላገድም፤ ሦስት ነጥብ ምንጊዜም አንድ ጠለል ያገኛል። ጉልቻን የፈለሰፉት እናቶቻችን ጂኦሜትሪ ሳይማሩ የደረሱበት ነገር ነው። በነገራችን ላይ ፖለቲከኞቻችንና ተንታኞቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት እስኪሰለች ድረስ ይጠቅሱታል፤ ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ይነሣል። ተረቱ የሚናገረው ስለ ጣዕም ብቻ ነው። ስለ መደፋት ምንም አይልም።

የበያጁ ሥጋት ግን መሠረት ነበረው። ሦስት እግር አይንገዳገድም፤ ክብደቱ ከሦስቱ እግሮች ክልል ከወጣ ግን ከአራቱ ቀድሞ ይገለበጣል። ስለዚህ እግሮቹን ወደ ታች እያሰፋን አወረድናቸው፤ ሁለቱን በሌንሱ በኩል ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ። ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ቱቦላሬ ተጠቀምን። ከመሬት አንድ ሻክላ ከፍታ ላይ ሦስቱን እግሮች በአግዳሚ አሰርናቸው፤ በአግዳሚዎቹ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት እንዲቀመጥ ነው፤ ክብደት ወደ ታች ሲወርድ መረጋጋት ይመጣል። ከላይ ወፍራም ኮምፔልሳቶ በብሎን ታሠረ። በኮምፔልሳቶውና በፕሮጀክተሩ መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ በድርብ አነጠፍን፤ የሞተሩን ንዝረት የሚውጠው እርሱ ነው።

የኋላው እግር ጫፍ ላይ ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን ገባ፤ ዳዶው ከቱቦላሬው ጋር ተበየደ። ይህ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.75 ሚሊሜትር ይወጣል፤ ሸራው ላይ ያለው ምስል በሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል። እንግዲህ ምስልን በጣት መዳፍ ማውረድና ማንሣት ተቻለ። ቁመቱን የወሰነው የተቀማጩ ሰው ራስ ነው። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሱ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ አካባቢ ይደርሳል፤ ብርሃኑ ከዚያ በላይ ማለፍ አለበት። ሌንሱ በአንድ ሜትር ከአርባ ሆነ። ከዚህ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ አንጋጥጦ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ምስሉን ከላይ አስፍቶ ከታች ያጠበዋል፤ ሰዎቹ ሁሉ ትከሻቸው ሰፊ፣ እግራቸው ቀጭን ይሆናል። (የአንዳንድ መንግሥታዊ ዘገባዎች ሰዎች እንዲህ ይመስሉኛል።)

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ የፈለጉትን ማሳየት ይቻላል። መልሱ ያ ጽሑፍ የሌለው ጣሳ ነው። ውስጡ ያለውን ለማወቅ ፊልሙን በብርሃን ፊት ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ የማይንቀጠቀጥ መሣሪያ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክተር አምፖል ዕድሜው በሃያ አምስት ሰዓት ገደማ የሚቆጠር ነው። አምፖሉ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚሠራውም በአሜሪካ ቮልቴጅ ስለ ሆነ በእኛ መስመር ላይ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አንድን ሰዓት በሙከራ ማባከን አይቻልም።

ማቆሚያው ሲሠራ ሳለ አንድ ነገር በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር። ወሎ በፊልም ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱም የውጭ ጋዜጠኞችም በከተማዋ ነበሩ፤ የዚያ ዘመን ደሴ በአውሮፓ የዜና ማሳያዎች ታየች። የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼም የራሱን ካሜራ ይዞ ከሠራዊቱ ጋር መጣ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ታይተው ተማሪውን አነሣሡ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሀብ» የተሰኘ ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልሞች በአብዛኛው በዚሁ በ16 ሚሊሜትር የሚነሡ ነበሩ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኛ አገር ፖለቲካ ውስጥ የአንድ ምሽት ፊልም የዚያን ያህል የሠራበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

ሆኖም በዚያ ምሽት ያዩት እነማን ናቸው? በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እጅግም የሚያልፍ አልነበረም። ለንደን አየች፤ አዲስ አበባ አየች። በፊልሙ ውስጥ የነበሩት አላዩም። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ፤ ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ናት። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የረሀቡ ምስል በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ትልቅ ሸራ ላይ ከሙዚቃ ጋር ታየ። ዓለም አለቀሰ፣ ገንዘብም አዋጣ፤ ይህን ማቃለል ነውር ነው፤ በዚያ ገንዘብ የተረፈ ነፍስ አለ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ምስሉ ወደ ውጭ ሲሄድ ወደ ወሎስ በፊልም ምን ይመጣ ነበር?

መልሱን ጣሳው ሰጠኝ። ፊልሙን ከማሳየቴ በፊት መለካት ነበረብኝ። አሮጌ የአሴቴት ፊልም ይኮማተራል፤ ሲበላሽ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል። በ16 ሚሊሜትር የማሳያ ቅጂ ላይ አንድ መቶ ቀዳዳዎች 762 ሚሊሜትር ርዝመት ሊይዙ ይገባል። ከአንድ በመቶ በላይ ከኮሰመነ ጥፍሯ ቀዳዳውን ስታ ፊልሙን ትዘነጥለዋለች። የኔው 757 ሆነ፤ ሽታውም ደኅና ነበር። ያልፋል ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ በግቢያችን ውስጥ አቡጀዲ ወጠርን። የጦሳ ነፋስ ስላለ የታችኛውን ጠርዝ በሸንበቆ አስረን ድንጋይ አንጠለጠልንበት፤ የማይንቀሳቀስ ማቆሚያ ሠርቶ በሚውለበለብ ሸራ ላይ ማሳየት መቼም ያስቃል። ጎረቤቶች መጡ፤ መብራትም ያን ማታ ሳይጠፋ ዋለልን። ማቆሚያው ዝም አለ። የምስሉ ጠርዝ በአቡጀዲው ስፌት ላይ እንደ ተቀመጠ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም።

ፊልሙ ስለ ዝንብ ነበር። ዝንብ ከቆሻሻ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ ሕፃን ዓይን እንዴት እንደምትሄድ የሚያስተምር የጤና ፊልም ነው፤ ተራኪው በእንግሊዝኛ ያለ ፋታ ይናገራል። ቀለሙ ረግፎ ሁሉም ነገር ቀይ ሆኗል፤ ሰማዩም፣ ወተቱም፣ ዝንቧም። መንደሩ የኛ አይደለም፤ ሰዎቹም የኛ አይደሉም። ልጆቹ ግን በዝንቧ ትልቅነት ተደስተው ነበር።

ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት አዛውንት እናት ይህን ዓይነቱን ፊልም በልጅነታቸው አይተውት እንደነበር አወሩን። መኪና ይመጣል፣ በገበያው ሜዳ ነጭ ሸራ ይሰቀላል፤ ትልልቆቹ ከፊት ሲቆሙ ልጆቹ ከሸራው ኋላ ሄደው ያያሉ። ከኋላ ሲታይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። በእርግጥም በንጉሡ ዘመን የአሜሪካ የማስታወቂያ አገልግሎትን የመሰሉ ተቋማት በመኪና የሚዘዋወር ሲኒማ ነበራቸው። በደርግ ዘመን ተረኛው የሶሻሊስት ወዳጆቻችን ፊልም ሆነ። ሰው እንዲታጠብ፣ እንዲያርስ፣ እንዲደራጅ የሚያስተምር ነው የሚመጣው።

ከዚያም እናታችን ድንገት ዞረው፣ «ልጄ፣ ተዲያ በዚያ በክፉ ቀን እኛን ሲያነሡ የነበሩት ፈረንጆች፣ ያነሡትን የት አሳዩት?» አሉኝ።

«ለንደን፤ በኋላም አዲስ አበባ።»

«እዚህስ?»

መልስ አልነበረኝም።

«ተዲያ እኛኑ አንሥተው እኛኑ ዘለሉን?» አሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቀዩ ሸራ ተመለሱ።

እኔ በመቶ ገጽ ላደርሰው ያልቻልሁትን እርሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ወደ ወሎ በፊልም የመጣው ምክር ነው፤ ከወሎ በፊልም የወጣው ረሀብ። በሁለቱም ጊዜ ፕሮጀክተሩ የቆመበትን ቦታ የመረጠው ሌላ ሰው ነው። የአንድ አገር ሕዝብ የራሱን ክፉ ቀን በራሱ ገበያ ሜዳ ላይ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ማቆምና መጠየቅ በሚችልበት ሁኔታ ሳያይ ሲቀር፣ ስለዚያ ቀን የሚነገረው ሁሉ ባለ ሥልጣኑ የሚተርከው ይሆናል። ደርግ የወሎን ረሀብ ለሥልጣን መወጣጫ ተጠቀመበት፤ በ1977 ሲደገም ግን ዐሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት ያከብር ነበር። ፊልሙን በ1967 ወሎ ውስጥ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን በዓል በሌላ ዓይን ይመለከተው ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ይህ ጉዳይ አልፏል» የሚለኝ አይጠፋም። አላለፈም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ስንት ነገር በስልክ ተነሥቷል! የደሴ ሙዚየምም ሆነ የከተማዋ ሆስፒታል የተዘረፉበት ወቅት ነው። ያ ሁሉ ምስል የት ነው? ከፊሉ በተሰረቀ ስልክ ውስጥ ሄዷል፤ ከፊሉ ባሕር ማዶ ባሉ ኩባንያዎች ገጾች ላይ ተበትኖ እያንዳንዱ ወገን የሚመቸውን ይቆርጥበታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የራሳችንን ስዕል ለማየት ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብን፤ ልክ እንደ 1967። ማብሪያና ማጥፊያው ያለበት ቦታ አልተለወጠም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ የቀረ የፊልም ጣሳ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የድምፅ ክር ካለ፣ ከወንበርና ከጎማ ጋር በአንድ ሎት አይሸጥ። የአስወጋጅ ኮሚቴ አባላት ጣሳውን ከፍተው ያሽትቱት፤ ካልሸተተ ደግሞ ይደውሉልን። ብዙው የዝንብ ፊልም ይሆናል፤ ይሁን። የዝንቡም ፊልም ምን ሊያስተምሩን እንደ ፈለጉ ይናገራል። «ልዩ ልዩ ዕቃ» ከተባሉት መካከል ግን አንዱ የዚህ አገር ሰው ፊት ያለበት ሊሆን ይችላል።

ማቆሚያው አሁን በረንዳዬ ላይ ነው። በያጁ ከኮምቦልቻ መጥቶ አየውና ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ፤ የኋላውን ብሎን ሁለት ዙር አዙሮ ምስሉ ሲወርድ እያየ ሳቀ፤ ለራሱም አንድ ሊሠራ አስቧል። በዚህ ሳምንት ከሐይቅ አንድ መምህር ደውሎልኝ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ሁለት ጣሳ እንዳለ፣ በአንደኛው ላይም በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ቃል እንደሚታይ ነግሮኛል፤ ቃሉ ግን በዝገት ተሸፍኗል። ቅዳሜ ጠዋት ማስመሪያውን ይዤ እሄዳለሁ። 762 ሚሊሜትር የሚለውን ምልክት በቀይ አድርጌበታለሁ።